የአውሮፕላኑ ጭራ
ለአያት የተገባ ቃልና የጎበጠው መስመር

ፕላስተሩን ስልጠው የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ከጠረጴዛው ጥግ ቆሞ ያየኝ ነበር። ቀዩ ቀለም በፕላስተሩ ሥር ሾልኮ ቢጫው ውስጥ ገብቷል፤ አረንጓዴውም ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «አባዬ፣ ለአያቴ ይህን ነው የምንሰጣት?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ቆየች። የመመለሻዋ ቀን ሲቃረብ ልጄ የመጣችበትን ዓይነት አውሮፕላን ሠርቶ ሊሰጣት ቃል ገባ። እኔ ጋዜጠኛ እንጂ የእጅ ባለሙያ አይደለሁም። ከሀገሬ ከወጣሁ ወዲህም ያንን ጭራ የማየው ሰው ልቀበል ወይም ልሸኝ አውሮፕላን ማረፊያ ስሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ለልጁ ጨዋታ ቢመስልም ለእኔ እንደ ዋዛ የሚታይ አልነበረም።

የገዛነው የቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር ሞዴል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሞዴሉ ከዋናው 144 ጊዜ ያነሰ በመሆኑ፣ 56.7 ሜትር የሚረዝመው አውሮፕላን 39 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ክንፉንና ሆዱን ያለ ችግር ቀባናቸው። የፈተነን ጭራው ነው፤ ከመሐል ጣት ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ እንደ ላባ ጎብጠው መውጣት አለባቸው። ለዚህ የሚሆን ተለጣፊ ሥዕል መግዛት ይቻላል። ልጁ ግን «ራሴ ነው የምቀባው» ብሎ አያቱ ፊት ተናግሯል።

ሰፊ ፕላስተር ለምን ይሸበሸባል?

የእናቴ በረራ አሥር ቀን ሲቀረው ለአንድ ወዳጄ ስልክ ደወልኩ። ይህ ሰው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ቤት መጥቶ ጭራውን አገላብጦ አየና ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሰፊ ፕላስተር በግድ አይታጠፍም። ድንበሩን በቀጭኑ አስምር፤ ሜዳውን በሰፊው ሸፍን» አለኝ።

ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፕላስተር አጉብጠን ብንለጥፍ፣ የውስጡ ጠርዝ ከክቡ መሐል 30 ሚሊ ሜትር ከራቀ የውጭው 40 ይርቃል። የውጭው ጠርዝ ከውስጡ በሲሶ መርዘም አለበት ማለት ነው። ወረቀት እንደዚያ አይለጠጥም፤ ስለዚህ በውስጥ በኩል ይሸበሸባል፣ በሽብሽቡም ሥር ቀለም ይገባል። ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን ግን ልዩነቱ ከመቶ 7 ያህል ነው። ይህን ያህሉን ከላስቲክ የተሠራ ቀጭን ፕላስተር ያለ ችግር ይለጠጣል። እንዲህ ዓይነቱ ፕላስተር በሞዴል መሸጫ ሱቆችም፣ የመኪና ቀለም በሚሸጥባቸው ቤቶችም ይገኛል።

የቀለም ፕላስተር ራሱ የጋራዥ ልጅ ነው። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባለ ሁለት ቀለም መኪና ፋሽን ነበር። ቀቢዎቹ ወረቀት በሙጫ እየለጠፉ ይከልሉ ነበርና፣ ሲያነሱት የደረቀው ቀለም አብሮ ይላጥ ነበር። ሪቻርድ ድሩ የተባለ የስሪ ኤም ኩባንያ ሠራተኛ ይህን ችግር ጋራዥ ውስጥ አይቶ በ1925 የቀለም ፕላስተርን ሠራ።

ሁለተኛው ሙከራ

የተበላሸውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ጭራውን እንደገና ነጭ ቀባነው። ሙሉ ቀን አደረቅነው፤ ያልደረቀ ቀለም ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳልና።

ከዚያ የላባዎቹን ቅርጽ በስስ ወረቀት ላይ ነድፈን ቆረጥን። በአንዱ ጎን በእርሳስ ነጠብጣብ ምልክት ካደረግን በኋላ ያንኑ ወረቀት ገልብጠን ለሌላው ጎን ተጠቀምንበት። ግራና ቀኙ የሚመሳሰለው እንዲህ ነው፤ በዓይን ግምት የሚሠራ ጭራ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይቀራል።

ቀጭኑን ፕላስተር ልጄ በነጠብጣቡ ላይ ለጠፈው። ወዳጄ እንዳስተማረው አንዱን ጫፍ አስይዞ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ፣ በጣቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተጫነ ሄደ። ፕላስተሩን አብዝቶ መሳብም አያዋጣም፤ የተወጠረ ላስቲክ ሲያድር ተሰብስቦ ከመስመሩ ይለቃል። የቀረውን ቦታ በሰፊው ፕላስተር ሸፈንን፣ ጠርዙንም በጥርስ መፋቂያ እንጨት አሸነው።

ከሁሉ የጠቀመን ምክር ቀጥሎ ያለው ነው። ቢጫውን ከመርጨታችን በፊት በጠርዙ ላይ ነጭ ቀለም በስሱ ረጨን። ሾልኮ የሚገባ ቀለም ካለ ነጩ ቀድሞ ይገባና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ነጭ በነጭ ላይ ደግሞ አይታይም። ቀለማቱን ከቢጫው ጀመርን። ቢጫ ደካማ ቀለም ነው፤ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቢነካው አይሸፍናቸውም፣ እነርሱ ግን እርሱን ይሸፍኑታል። እያንዳንዱንም አንዴ በወፍራሙ ሳይሆን ሦስት ጊዜ በስሱ ረጨን።

ፕላስተሩን ያነሳነው ቀለሙ ድንጋይ ሳይሆን ነው። ወደ ላይ አልጎተትነውም፤ ወደ ራሱ አጥፈን ቀስ ብለን ላጥነው። መስመሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ልጄ ጮኸ፤ እናቴ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች።

በቀኙ ጎን ከቀዩ ጫፍ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀለም ሾልካለች። ላርማት ስል ልጁ ከለከለኝ። «ተወው አባዬ፣ ደግሞ እንዳይበላሽ» አለ።

እናቴ ካርቶኑን ለሻንጣ አልሰጥም ብላ በእጇ ይዛ ገባች። እኔ እንደ ወትሮው እስከ ፍተሻው በር ድረስ ሸኘሁ። በሳምንቱ ስትደውል አውሮፕላኑ ከሳሎኑ ቡፌ ላይ መቀመጡን ነገረችን። ልጄ ወዲያው «በቀኝ በኩል ያለውን ወደ ግድግዳው አዙሪው» አላት።

«አላዞርም» አለችው፤ «እንግዳ ሲመጣ የልጄ ልጅ በእጁ የሠራው መሆኑን የማሳየው በእርሷ ነው።»