ደብተሩ ላይ ሁለት ስም፣ ደረሰኙ ላይ አንድ

የዛሬው ጽሑፍ የዕለት ዋጋ ሰንጠረዥ የለውም፤ ወሬው ግን ያው የዋጋ ወሬ ነው። ከገበሬ ማኅበር ቡና የምትረከቡ ላኪዎችና የዩኒየን ሰዎች በተለይ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። በ2017 የካቲት መግቢያ ላይ ደግሞ የኒው ዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ። ሁለቱ ሲደመሩ በብር የሚከፈለው የእሸትና የጀንፈል ዋጋ ወደ ላይ ተተኮሰ። ጥሩ! ታዲያ ብሩ ማን እጅ ገባ?

የቡናን ሥራ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ለቀማው፣ ከአልጋው ላይ ጥቁሩንና የተበላውን መልቀሙ፣ ማገላበጡ፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ መሸፈኑ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። የሚዛን ቀን ግን አባወራው ይሄዳል፤ ደረሰኙ በእሱ ስም ይጻፋል። የዓመቱ የትርፍ ክፍፍል የሚሰላው አባሉ ባስረከበው ኪሎ ስለሆነ እሱም ወደዚያው ስም ይሄዳል። ሥልጠና ሲመጣም የሚጠራው አባሉ ነው። እሱ ስለ ቀይ እሸት ለቀማ አበል በልቶ ይሰለጥናል፤ የምትለቅመው እሷ ናት። ከዚያ «ሥልጠናው ለውጥ አላመጣም» ይባላል። እንዴት ያምጣ?

የመካነ ሰላም አንባቢዎቻችን «እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከተማዋ ደጋ ናት፣ ገበያው የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ነው። በክልሉ የቡና ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው የጣና ዳሩ ዘጌ ነው። ነገር ግን ከቦረና ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ ወይና ደጋው አለ፤ ነገ የጓሮ ቡና ለመሰብሰብ የሚያስብ ዩኒየን አሠራሩን ከዛሬው ቢያስተካክል ይቀለዋል። ደግሞም አማራ ክልል በዚህ ነገር አንድ እርምጃ ቀድሟል። የባልና ሚስት የመሬት ደብተር የሁለቱንም ስም ይይዛል፤ ፎቷቸውም አብሮ አለ። መሬቱ የሁለቱ ከሆነ ምርቱ በአንድ ስም ብቻ የሚገባበት ምክንያት የለም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መዝገብ ግን ብዙ ቦታ አሁንም «አንድ ቤት፣ አንድ አባል» ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት ሴት የመጣላትን ጠራርጋ ስትለቅም በቀን 30 ኪሎ፣ ቀዩን ብቻ ስትመርጥ 24 ኪሎ ታደርሳለች እንበል። እሸቱ ለሁሉም በኪሎ 60 ብር ከተገዛ የቀን ገቢዋ ከ1,800 ወደ 1,440 ብር ይወርዳል። በርግጥ አረንጓዴው ዛፉ ላይ ቆይቶ ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳል። ግን ያ ዙር ሌላ ቀን ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ውሃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው በዚያው ቀን ነው። ለቀዩ 75 ብር ሲከፈል ነው 1,800ዋ የምትመለሰው። ስለዚህ የዋጋ ልዩነት የሌለው የጥራት ሥልጠና፣ በኔ አስተያየት፣ ሴትዮዋን በነፃ አሠርቶ መሸኘት ነው። ልዩነቱ እዚያው ሚዛኑ ላይ፣ በዚያው ቀን መከፈል አለበት። «ሲሸጥ እንጨምራለን» የሚለውን ገበሬው ጠግቦታል።

ላኪውም አይከስርም። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ይፈጃል፤ እንጭጩ ሲገባበት የሚጎዳው ሚዛኑም ቅምሻውም ነው። በምርት ገበያው ምዘና ከ100ው 60 የሚሰጠው ለቅምሻ፣ 40ው ለጥሬው እይታ ነው። ሁለቱም የሚወሰኑት ብዙውን በለቃሚዋና በአልጋ ጠባቂዋ እጅ ነው። ከአማሮ ተነስተው ከማምረት እስከ ማጠብና መላክ የደረሱት ወይዘሮ አስናቀች ቶማስ ሴት በሰንሰለቱ ሁሉ መሥራት እንደምትችል አሳይተዋል። ሁሉም ላኪ ይሁን አላልንም፤ ደረሰኝ ላይ መድረስ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ሥልጠናውም ቢሆን ጊዜና ቦታው ይታሰብ። ወረዳ ከተማ ተጠርታ ሦስት ቀን የምታድር እናት የለችም። ማሳው ላይ፣ ለቀማው ሲጀመር፣ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ተንሳፋፊውን በውሃ መለየት፣ አልጋው ላይ አሳስቶ ማስጣት፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሳይበልጥ ማንሳት። እነዚህን በአፍ ከመናገር በእጅ ማሳየት ይሻላል።

የአውሮፓም ጉዳይ አለ። የኅብረቱ የደን ሕግ ከፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ደን ያልመጣ መሆኑን በማሳው መገኛ እንድናሳይ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። ትግበራው ቢራዘምም ምዝገባው አይቀርም። ሰው ልካችሁ ማሳ ለማሳ የምትዞሩ ከሆነ፣ በዚያው ጉዞ የሚስትየዋን ስምና የቴሌብር ቁጥር መያዝ የምታወጡትን ነዳጅ አይጨምርም።

ዩኒየኖች፣ መዝገቡን የምታስተካክሉት ከመስከረም በፊት ነው። ሚዛን ከተተከለና ወረፋ ከተያዘ በኋላ ስም የሚያስተካክል ጸሐፊ እስካሁን አላየንም።