ከአደጋ በኋላ መሸሽ የሰውን ሐቅ አያስቀርም

ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጎ ነቀምቴ የሚገባው መንገድ ከዚያ ይከፋፈላል፤ አንዱ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ፣ አንዱ ወደ በደሌ፣ ሌላው ዓባይን አልፎ ወደ ቡሬ ይዘልቃል። በእነዚህ መንገዶች ከባዱ መኪና፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና እግረኛው ተጋፍተው ይሄዳሉ። ከወንድሞቻችንም ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በሾፌርነት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የየቤታችን ጉዳይ ነው።

ሰው የገጨ ሾፌር መጀመሪያ የሚይዘው ፍርሃት ነው፤ ሕዝቡን ይፈራል፣ እስሩንም ይፈራል። ሆኖም ግዴታው ሦስት ነው፦ መቆም፣ የተጎዳውን መርዳትና ለፖሊስ ማሳወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 በአደጋ ላይ ያለን ሰው አለመርዳትን በወንጀል ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። በአንጻሩ ተጎጂውን የረዳ፣ እጁን የሰጠና ጉዳቱን የካሰ ሰው በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። እንግዲህ የሸሸ ሰው ያመለጠ ይመስለዋል እንጂ ዕዳውን ነው የሚያበዛው። የሕዝቡ ቁጣ ካሰጋው በቀጥታ በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ።

ስለ ሰነዶችስ? ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ በየዓመቱ የሚታደሰው ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ለትራፊክ ፖሊስ ማሳያ ብቻ አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የሌለውን ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። መድኑ የሚከፍለው ለተጎዳው ሰውና ለሟች ቤተሰብ በመሆኑ፣ ጊዜው ያለፈበት መድን ማለት በሌላ ሰው ሐቅ መጫወት ማለት ነው። ገጭቶ የሸሸው ተሽከርካሪ ካልታወቀም ተጎጂዎች በአዋጁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ ካሣ መጠየቅ እንደሚችሉ ይወቁ።

ባለንብረቶችም ልብ በሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ልጁ የባጃጅ ቁልፍ የሚሰጥ አባት ይህን ያስብ።

በሸሪዓችንም በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው በሱረቱ-ን-ኒሳእ (4፡92) እንደተደነገገው ሁለት ነገር አለበት፤ ለሟች ቤተሰብ ዲያ፣ ለአላህ ደግሞ ከፋራ። ቤተሰቡ ዲያውን ይቅር ሊል ይችላል። ባሪያ ነጻ ማውጣት ያልቻለ ከፋራውን ሁለት ወር በተከታታይ በመጾም ይወጣል። ዝርዝሩን ዑለማን መጠየቅ ይገባል። በወለጋም ሽማግሌዎች በጉማ ሥርዓት ደም ያደርቃሉ፣ ቤተሰብን ያስታርቃሉ። ይህ ትልቅ ኸይር ነው፤ ነገር ግን ሰው የሞተበትን የወንጀል ክስ አያስቀርም፣ ለፖሊስ ማሳወቅንም አይተካም። ሁለቱም መንገድ አብሮ ይሄዳል።

ውድ አንባቢያን! በቤታችሁ ሾፌር ካለ ዛሬውኑ የመድኑንና የቦሎውን ቀን አብራችሁ ተመልከቱ። ካለፈ ሳይታደስ መኪናው ከግቢ አይውጣ። የአንድ ቀን ገቢ ቢቀር ይተካል፤ የሰው ሐቅ ግን በዱንያ ካልተከፈለ በአኺራም ይጠብቀናል።