ጥላው ወዴት ይወድቃል? ስለ ርቀትና ስለ አቅጣጫ የፈተና ጥያቄዎች

በዚህ ዘመን ሠራተኛ የሚቀጥር ባንክም ሆነ የንግድ ቤት የትምህርት ማስረጃ ተመልክቶ ብቻ አይረካም፤ የችሎታ መመዘኛ ፈተናም ያቀርባል። በፈተናው ውስጥ ብዙውን ሰው የሚያደናግረው ስለ ርቀትና ስለ አቅጣጫ የሚቀርበው ጥያቄ ነው።

ዘዴው ግን አስቸጋሪ አይደለም። በወረቀት ላይ መስቀል ይሠመርና ከላይ ሰሜን፣ ከታች ደቡብ፣ በቀኝ ምሥራቅ፣ በግራ ምዕራብ ተብሎ ይጻፋል። ከዚያም የተጓዡን መንገድ ደረጃ በደረጃ በመስመር መከተል ነው። ለምሳሌ አንድ መልእክተኛ ከመጋዘን ተነሥቶ ወደ ሰሜን 6 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ወደ ቀኙም ታጥፎ 8 ኪሎ ሜትር ተጓዘ እንበል። ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ቀኙ ምሥራቅ ነው። 6 በ6 ሲባዛ 36፣ 8 በ8 ሲባዛ 64፣ ድምሩ 100 ይሆናል፤ የ100 ካሬ ሥር 10 ነው። እንግዲህ መልእክተኛው 14 ኪሎ ሜትር ቢደክምም ከመጋዘኑ የሚርቀው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ነጋዴ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባዋል። ፈተናው የሚጠይቀው ቀጥታውን ርቀት ሲሆን፣ ባለ ጭነት መኪናው የሚያስከፍለው የመንገዱን ርዝመት ነው። ሰበታ በጅማ መንገድ በደቡብ ምዕራብ፣ ሰንዳፋ በደሴ መንገድ በሰሜን ምሥራቅ ስለሚገኙ አዲስ አበባ በመካከላቸው ናት፤ በእነርሱ መካከል ሁለቱ ርቀቶች እምብዛም አይለያዩም። ሱሉልታ ግን በጎጃም መንገድ በሰሜን በኩል ስለሆነች፣ ከዚያ ተነሥቶ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ሰንዳፋ የሚደርስ ጭነት ከቀጥታው እጅግ የረዘመ መንገድ ይጓዛል። ዋጋ የሚቆረጠውም በዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። በግንቦት ወር አሠሪዬ ለሰንዳፋው መጋዘናችን የዕቃ መዝጋቢ ለመቅጠር ስለ ፈለጉ ፈተናውን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። እኔም ከውጭ አገር መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ቀዳሁ፤ የከተማውን ስም ብቻ ለውጬ፣ «ዛሬ በቀትር ሰንዳፋ ላይ የቆመ ሰው ጥላውን በፊቱ ቢያይ፣ ፊቱን ያዞረው ወዴት ነው?» ብዬ ጻፍሁ። የመጽሐፉ መልስ «ሰሜን» ነበር። አንድ የሰንዳፋ ልጅ ግን «ደቡብ» ብሎ መለሰ። በመጽሐፉ መሠረት ስሕተት ብዬ 17 ሰጠሁት፤ ሌላው ተፈታኝ 18 ስላገኘ ሥራው ለእርሱ ሊሆን ሆነ።

አሠሪዬ ወረቀቶቹን አይተው፣ «ይህ ልጅ እዚሁ ያደገ ነው፤ ከመጣልህ በፊት እስቲ ወጥተህ እይ» አሉኝ። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ በግቢው መካከል ያለውን ባለ 3 ሜትር ምሰሶ ተመለከትሁ። ጥላው አጭር ነበር፤ ነገር ግን በትክክል ወደ ደቡብ ወድቋል።

ምክንያቱም ይህ ነው፤ በአውሮፓ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትታይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። አገራችን ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ሰንዳፋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ በስተ ደቡብ።

ነጥቡ ሲታረም የሰንዳፋው ልጅ 18፣ ሌላው 17 ሆኑ። ልጁ ዛሬ የመጋዘናችን መዝጋቢ ነው፤ እኔ ግን በአንድ ያልመረመርሁት መልስ የሰው እንጀራ ልነፍግ እንደ ነበር ባሰብሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ስለዚህ ተፈታኝ ሁሉ መስቀሉን ሳይሠምር መልስ አይስጥ። ፈተና የምታወጡ ክቡራን ነጋዴዎችም የተዋሳችሁትን ጥያቄ አስቀድማችሁ በገዛ ግቢያችሁ ጥላ ፈትኑት።