ዳባት፦ በጎንደርና በደባርቅ መካከል

ዳባት በአማራ ክልል፣ በሰሜን ጎንደር ዞን፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ግድም ከፍታ አላት። በስሟ የሚጠራው ወረዳ በደቡብ ከወገራ፣ በምዕራብ ከታች አርማጭሆ፣ በሰሜን ምሥራቅ ከደባርቅ ይዋሰናል።

ከጎንደር የተነሳ መንገደኛ እስከ ስሜን ድረስ ሽቅብ ብቻ የሚጓዝ ሊመስለው ይችላል። መንገዱ ግን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከዳባት ከፍ ይልና ወደ ከተማዋ ይወርዳል፤ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲደርስ መልሶ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ብርድ ይጠናል። ውርጭ የመታው የባቄላ ቅጠል ማለዳ አመዳይ ለብሶ ይታያል፤ ፀሐይ ስትወጣበት እንደተቀቀለ ይጠወልግና ይጠቁራል። ገብስ፣ ስንዴና ድንችም ይዘራል። በምዕራብ በኩል መሬቱ ወደ ቆላ ሲያቆለቁል ማሽላ ይተካል።

የጎንደር አገር ውኃ ሁሉ ጣና የሚገባ የሚመስለው ብዙ ነው። የዳባት ደጋ ውኃ ግን ከፊሉ ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ ወደ አንገረብ ይወርዳል። ሁለቱም ወንዞች ከአትባራ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ዓባይን የሚያገኙትም ከካርቱም በስተሰሜን ነው።

ከተማዋን ያቆማትም ያስጨነቃትም ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ነው። በጣሊያን ወረራ ማብቂያ፣ ከደባርቅ ወዲያ ወልቀፊት ላይ መሽጎ የነበረው ጦር መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ ወደ ጎንደር የሚያስገባው የሰሜን በር ተከፈተ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻም የትግራይ ጦርነት እዚህ ደርሶ፣ በወረዳው በምትገኘው ቸና ተክለሃይማኖት ሲቪሎች በትግራይ ኃይሎች ተገደሉ።

ዳባት ቀድሞ የወገራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ለሦስት ሲከፈል ግን የአዲሱ ሰሜን ጎንደር መቀመጫ ደባርቅ ሆነች። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚያው በመሆኑ ቱሪስቱ ዳባትን በመስኮት አይቷት ያልፋል። ለከተማዋ ፍትሐዊ ዕጣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በጤና ምርምር ረገድ ግን ደባርቅ አትወዳደራትም። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የወረዳውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት የሚመዘግብበት ማዕከል ያለው ዳባት ነው። ቦታው የተመረጠው ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ወረዳ ስለሚገኙበት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በትግራይ ከነበሩት ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሐሩሽ መጠለያ ጣቢያዎች የመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በወረዳው አለምዋጭ በተባለ ስፍራ ተጠልለዋል።