ስክሪኑ ብዙ፣ ድምፁ አንድ

በርካታ ስክሪኖች ተገጣጥመው አንድ ትልቅ ምስል የሚያሳዩበት ግድግዳ በስብሰባ ማዕከላት፣ በሰርግ አዳራሾችና በአምልኮ ስፍራዎች እየተለመደ መጥቷል። ለምስሉ ብዙ ይደከማል፤ መጋጠሚያው እንዳይታይ፣ ቀለሙ እንዳይለያይ ሲለካና ሲስተካከል ይዋላል። ድምፁ የሚታሰበው ግን በመጨረሻው ሰዓት ነው። ከዚያ ቃሉ ከከንፈር ቀድሞ ሲሰማ ወይም ከግራና ከቀኝ ተደራርቦ ሲያስተጋባ ጥፋቱ በስፒከሩ ይሳበባል። ውድ ስፒከር ይገዛል፣ ችግሩም ባለበት ይቀራል፤ የተበላሸው ጊዜው ነውና።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው እምነት «ለእያንዳንዱ ስክሪን አንድ ማጫወቻ፣ በእያንዳንዱ ላይ ያው ፋይል፣ ሁሉንም በአንዴ ማስጀመር» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ሲጀምሩ አብረው ይጀምራሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ማጫወቻ ጊዜ የሚቆጥረው በውስጡ ባለች ትንሽ ክሪስታል ንዝረት ሲሆን ሁለት ክሪስታሎች ፍጹም እኩል አይነዝሩም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ 180 ሚሊ ሰከንድ ይራራቃሉ። ቀኑን ሙሉ፣ ማለትም ለ10 ሰዓት፣ ክፍት በሆነ ኤግዚቢሽን ላይ ልዩነቱ 1.8 ሰከንድ ይደርሳል። ፋይሉ አልቆ እንደገና በጀመረ ቁጥር ደግሞ ሁሉም እኩል ስለማይፈጥኑ ይብስበታል።

ዓይን የአንድ ፍሬም መዛነፍን ሊያልፈው ይችላል። ጆሮ እንዲያ አይደለም። ሁለት ስፒከሮች አንድን ንግግር በ50 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ቢያሰሙ አድማጩ የገደል ማሚቶ ይሰማል። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ አንዱ የድምፅ ሞገድ የሌላውን ከፊል ይሰርዘዋል፤ ድምፁም ባዶና ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ «እያንዳንዱ ስክሪን የራሱን ድምፅ ካወጣ ድምፁ ይሞላል» የሚለው አሳብ ውጤቱ ተቃራኒ ነው።

የሲኒማ ሰዎች ይህን ከኮምፒውተር በፊት ያውቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ የቀረበው ሲኔራማ ሦስት ፕሮጀክተሮችን ተጠቅሞ በአንድ ሰፊና ጎባጣ ስክሪን ላይ ያሳይ ነበር። ድምፁ ከሦስቱ የምስል ፊልሞች በአንዱም ላይ አልነበረም። ሰባት የድምፅ መስመር ባለው የራሱ ማግኔቲክ ፊልም ላይ፣ በራሱ ማሽን ይጫወታል፤ ማሽኖቹም በሞተሮቻቸው በኩል በኤሌክትሪክ ተሳስረው እኩል ይዞራሉ። አንዱ ፊልም ቢበጠስ የጎደሉት ፍሬሞች ተቆጥረው በልካቸው ጥቁር ፊልም ይቀጠልበት ነበር፤ ካልሆነ ያ ክፍል ከቀሩት ጋር አይገናኝም። እኔ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም፤ ዛሬም መከተል ያለብን ይህንኑ ነው። ድምፅ ከአንድ ምንጭ ብቻ ወጥቶ ወደ ሚክሰሩ ይግባ፣ የሌሎቹ ማጫወቻዎች ድምፅ ይዘጋ፣ ሁሉም አንድ ሰዓት ይከተሉ። ብዙ መውጫ ያለው አንድ ኮምፒውተር ግድግዳውን በሙሉ ከቻለው ሥራው በግማሽ ይቀላል። ካልቻለ ማጫወቻዎቹ በኔትወርክ ሰዓታቸውን የሚያናብቡ መሆን አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ የወጣው አይ ትሪፕል ኢ 1588 የተባለው ደረጃ፣ መሣሪያዎቹ ከደገፉት፣ ልዩነቱን ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ በታች ያወርደዋል፤ ዳንቴን የመሰሉ የድምፅ ኔትወርኮችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

«ገመዱ ረዝሞ ነው» የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። 100 ሜትር የመዳብ ገመድ ሲግናሉን የሚያዘገየው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ብሉቱዝ ስፒከር ግን በእርግጥ ያዘገያል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ይዘገያል የሚሉም አሉ። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀት ነው፣ ከፍታው ራሱ አያዘገየውም፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፣ ማለትም 34 ሴንቲ ሜትር በአንድ ሚሊ ሰከንድ።

ዋናው መዘግየት ያለው በምስሉ መንገድ ላይ ነው። ምስሉን ቆራርጦ ለየስክሪኑ የሚያከፋፍለው ፕሮሰሰር እያንዳንዱን ፍሬም ተቀብሎ፣ አስፍቶ፣ አከፋፍሎ ነው የሚልከው። በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሦስት ፍሬም ከዘገየ 120 ሆነ። ድምፁ ግን ከላፕቶፑ በቀጥታ ሚክሰር ገብቶ ቀድሞ ይደርሳል። ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ ደግሞ ከዘገየው ይበልጥ ይረብሻል፤ ማዶ ተራራ ላይ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ምሳሩ ሲያርፍ አስቀድመን እናያለን፣ ድምፁ ኋላ ይደርሰናል፣ ተገላቢጦሹን ተፈጥሮ አሳይታን አታውቅም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ምክረ ሐሳብም ይህን ያንጸባርቃል፦ ተመልካች ልዩነቱን የሚያስተውለው ድምፁ በ45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሲዘገይ ነው።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ሚክሰሩ አጠገብ ቆሞ በራሱ ጆሮ ያስተካክላል። እሱ ከስፒከሩ 30 ሜትር ቢርቅ ድምፁ የሚደርሰው 87 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ ለራሱ ሲያስተካክል ከፊት ረድፍ ላለው ሰው ድምፁን በ80 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያስቀድምበታል። ማስተካከል ያለበት ከፊት ረድፍ ሆኖ ነው፤ ያኔ ፊት ያለው ልክ ይሆንለታል፣ ኋላ ያለው ቢዘገይበትም ከ125 አያልፍበትም። ነጭ ብልጭታና «ቢፕ» አብረው የሚወጡበት አጭር ቪዲዮ ይጫወት፣ የሞባይል ቀረጻ በሰከንድ 240 ፍሬም ይደረግ፣ በመካከላቸው ያለው ፍሬም ይቆጠር። አንዱ ፍሬም 4 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። የተገኘው ልዩነት በሚክሰሩ የድምፅ ማዘግያ (ዲሌይ) ላይ ይገባል።

ከኋላ ተጨማሪ ስፒከር ካለ ደግሞ የራሱ ዲሌይ ያስፈልገዋል። ከፊተኛው ስፒከር ያለው ርቀት በሜትር ለ343 ተካፍሎ በሚገኘው ሰከንድ ላይ 10 ወይም 15 ሚሊ ሰከንድ ይታከልበት። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ አቅጣጫ ይይዛል፤ ስለዚህ የኋለኛው ስፒከር ቢጮህም ሰሚው ድምፁ ከስክሪኑ የመጣ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ ለተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ሰባኪው ወይም ተናጋሪው እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ምስሉ ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲታይ «ድምፁን አዘግይተን እናስማማው» ማለት አይሠራም። ፊት ያሉት የሰውየውን የራሱን ድምፅና የስፒከሩን ለየብቻ ይሰማሉ፤ ተናጋሪውም የገዛ ድምፁ ዘግይቶ ሲመለስበት ይንተባተባል። እዚህ ላይ መፍጠን ያለበት ምስሉ ነው። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም ይሥራ፤ ከ25ቱ ጋር ሲነጻጸር የእያንዳንዱ ፍሬም መዘግየት በግማሽ ይቀንሳል። ካሜራው ከግድግዳው ጥራት ጋር እኩል የሆነ ምስል ይላክ፣ በመካከል ያሉ አላስፈላጊ መቀየሪያዎች ይውጡ፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ዝቅተኛ መዘግየት የሚል ምርጫ ካለ ይከፈት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምስሉ አሁንም በብዙ ፍሬም የሚዘገይ ከሆነ ካሜራው ከተናጋሪው ከንፈር ይራቅና ሰፋ ያለ ምስል ይያዝ።