ስለ ኪራይ ቤት ደኅንነት የሚባለውና እውነታው

ለሥራ ዶዮገና ከተማ የተመደበ መምህር፣ ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚፈልገው በአከራይ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነው። ክፍሏ ስትገኝ ምክሩም ይከተላል። ደላላው፣ ጎረቤቱ፣ ቀድሞ የመጣው ባልደረባ ሁሉም ስለ ሌባ ያስጠነቅቃሉ። ከሌባ የባሰው አደጋ ግን ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ነው።

ተረት፦ «ፍም የሆነ ከሰል አይጎዳም»

ዶዮገና ደጋ ናት። ክረምት ሲገባ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲጠፋ ወደ ቤት ማስገባት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። እውነታው ሌላ ነው። የቀላ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ያለውን ሂሞግሎቢን ከኦክስጅን 200 ጊዜ ያህል አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከሰል ይዘው በራቸውን ዘግተው ስለሚተኙ ሰዎች ደጋግሞ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ወተት የጋዙን መርዝ ያረክሰዋል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ራሱን የሳተ ሰው በሚጠጣው ነገር ሊታነቅ ይችላል። መደረግ ያለበት በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ተረት፦ «ብሬከሩ እስካልወረደ መስመሩ ይችላል»

በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራዮች በሚጠቀሙበት ግቢ ይህ እምነት አደገኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ዋናው ብሬከር ይህን ይሸከም ይሆናል፤ ከሶኬቱ የተቀጠለው ቀጭን ማከፋፈያ ግን አይሸከምም። የላላ ሶኬትም ብሬከሩን ሳያወርድ ይግላል። የሞቀ ወይም የጠቆረ ሶኬትና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ለአከራዩ ዛሬውኑ የሚነገሩ ናቸው።

ተረት፦ «ብረት በበዛ ቁጥር ቤቱ ይጠበቃል»

መስኮት ላይ የተበየደ ፍርግርግ ሌባን ያግዳል፤ እሳት ሲነሳ ግን ተከራዩንም ያግታል። ከውስጥ የሚከፈት ፍርግርግ ይሻላል፤ እሱ ከሌለ የበሩ ቁልፍ ሌሊት በጨለማም በሚገኝበት ቦታ ይቀመጥ። የበሩን የቀድሞ ቁልፍ ቅጂ ማን እንደያዘው አይታወቅምና፣ አዲስ ተከራይ የራሱን ጓጉንቸር ቢገዛ ወይም ቁልፉ እንዲቀየር ቢጠይቅ አያስወቅሰውም።

ተረት፦ «ቤቱ የአከራዩ ነው፣ ሲፈልግ ይገባል»

ባለቤትነቱ የአከራዩ ነው፤ መኖሪያነቱ ግን የተከራዩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 ማንም ሰው ያለ ነዋሪው ፈቃድ ወደ መኖሪያው እንዳይገባ ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና መኖሪያ ቤትን ይጠብቃል። ጣሪያ ለማየት ወይም ቧንቧ ለመጠገን የሚመጣ አከራይ አስቀድሞ ቀን ቢቆርጥ ለሁለቱም ይበጃል።

ተረት፦ «አዲሱ ሕግ ስለወጣ የጽሑፍ ውል አያስፈልግም»

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚለው ተቃራኒውን ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ በዶዮገና፣ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና የሚከራይ ሰው ከመፈረሙ በፊት የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ይጠይቅ።

አዋጁ በማይሠራበት ከተማም ቢሆን የኪራዩ መጠን፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የመብራትና የውኃ ድርሻ፣ የጥገና ኃላፊነት በወረቀት ይስፈሩ፤ ክፍያውም በባንክ ይሁን። ተከራይ ሆይ፣ ቀብዱን ከመስጠትህ በፊት ሶኬቱን፣ መስኮቱንና የበሩን ቁልፍ በእጅህ ሞክር፤ ማታ ደግሞ ከሰሉን ደጅ አውጥተህ ተኛ።