ማይክሮስኮፕ የማይለያቸው የደም ጥገኞች

ቬስትሊ፣ ኦስሎ — የግሩሩድ የከተማ ባቡር መስመር የሚያበቃባት ቬስትሊ ከደን ጋር ትዋሰናለች። በኖርዌይ ደንና ግጦሽ የሚኖሩ መዥገሮች ባቤዚያ የተባሉ የደም ጥገኛ ተህዋስያንን ያስተላልፋሉ። ባቤዚያ ዳይቨርጀንስ የላምን ቀይ የደም ሕዋሳት እያፈረሰ ሽንቷን ያቀላል፤ ባቤዚያ ካፕሪዮላይ ደግሞ ሚዳቋ በሚመስለው የአውሮፓ አጋዘን ደም ውስጥ የሚኖር ሲሆን ላምን አያሳምምም። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለምደባ በሚያገለግለውና ወደ 1,700 ፊደላት ባሉት የ18ኤስ ዘረ መል ላይ እንኳ የሚለያዩት በ3 ፊደላት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው የመለየት ጥያቄ በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች የግመል አርቢውን ሀብት ይነካል። ሱራ የተባለው የግመል በሽታ ደም ያሳንሳል፣ ያከሳል፣ ያስጨነግፋል። መንስኤው ትራይፓኖሶማ ኢቫንሲ ነው፤ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 በያኔዋ የእንግሊዝ ሕንድ በፈረሶችና በግመሎች ደም ውስጥ ካገኘው የእንስሳት ሐኪም ግሪፊዝ ኢቫንስ ነው።

ተህዋሲው ከከብቶቻችን ገንዲ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሆኖም ገንዲ በዋነኛነት የቆላ ዝንብ ባለበት አካባቢ ሲወሰን፣ የሱራው ተህዋሲ የሚቶኮንድሪያውን ዲኤንኤ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ስላጣ በዚያ ዝንብ ሆድ ውስጥ ማደግ አይችልም። በምትኩ በሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች አፍ ላይ ተሳፍሮ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ይሻገራል። ከአፍሪካ ወጥቶ እስያና ላቲን አሜሪካ የደረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጉድለት ለተህዋሲ የጉዞ ፈቃድ ሲሆን ማየት ያስገርማል!

ለዚህ በሽታ በሜዳ ላይ በካርድ የሚሠራ የደም ምርመራ አለ። ምርመራው የተመሠረተው ሮታት 1.2 በተባለ የተህዋሲው የላይኛ ልባስ ፕሮቲን ላይ ነው። ችግሩ «ኤ» የተባለው ዓይነት የዚህ ልባስ ዘረ መል ሲኖረው «ቢ» የተባለው የሌለው መሆኑ ነው። በምህንድስና ቋንቋ፣ መመርመሪያው ለአንድ ምልክት ብቻ ተስተካክሏል፤ ምልክቱን የማያሰማ ተህዋሲ ሊያመልጠው ይችላል። ታሞ እያለ «ነፃ ነው» የተባለ ግመል ደግሞ ሳይታከም ከመንጋው ጋር ይውላል።

«ቢ» ዓይነት ለረጅም ጊዜ ተለይቶ የሚታወቀው ከኬንያ ግመሎች ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የአንትወርፕ የሐሩር ክልል ሕክምና ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። በሰሜን ኢትዮጵያ ከታመሙ ግመሎች ደም 14 ናሙናዎችን በአይጥ ውስጥ አራብተው ዘረ መላቸውን ሲመረምሩ 9ኙ «ኤ»፣ 2ቱ «ቢ»፣ 3ቱ ደግሞ የሁለቱ ቅልቅል ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ የስርጭት መጠንን አያሳይም፤ «ቢ» በኢትዮጵያ መኖሩን ግን ያረጋግጣል።

ሁለቱ በእርግጥ አንድ ዝርያ ናቸው? ተህዋሲው ያለ ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ እንዲኖር የሚያስችለው በአንድ የኃይል አመንጪ ፕሮቲን ላይ የደረሰ ለውጥ ነው። ናሙና ሆነው በተመረመሩት ላይ «ኤ» በዚህ ፕሮቲን 281ኛ ቦታ ያለውን አሚኖ አሲድ አጥቷል፤ «ቢ» ግን ያንን ይዞ 282ኛውን በሌላ ተክቷል። ሁለቱ ለየብቻ በተለያየ ጊዜ ከአንድ የጋራ ዘመድ፣ ከትራይፓኖሶማ ብሩሲ፣ ወጥተዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የሙሉ ጂኖም ትንተናም የተለያየ መነሻ እንዳላቸው አሳይቷል። በአርሲና በባሌ ደጋ ፈረሶችን የሚያጠቃውና ያለ ዝንብ፣ በስሪያ ብቻ የሚተላለፈው ትራይፓኖሶማ ኢኩፐርደምም የራሱ መነሻ አለው። በእኔ እይታ «ኢቫንሲ» የሚለው ስም የአንድ ቤተሰብ ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ አኗኗር ስም ሆኗል።

ስሙ ለሳይንቲስቶች ይቆይ፤ ለአርቢው አስቸኳዩ ምርመራው ነው። ለ«ቢ» ዓይነት የራሱን የልባስ ዘረ መል የሚፈልግ የፒሲአር ምርመራ ተዘጋጅቷል። ይህ ምርመራ ግን እንደ ካርዱ በዛፍ ጥላ ሥር አይሠራም፤ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣና ሠልጣኝ ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ የግመሉ ደም ከአፋር በረሃ ተነሥቶ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ መንገዱ ገና ረጅም ነው።